ጊታሩን አትሽጥ

ከመራዊ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ባሕር ዳር ቤዝ ጊታር ትመታለህ፤ ልጅቷን ልትጠይቅ ብቻህን ብትሄድ አባቷ «አዝማሪ፣ ያውም የማይዘፍን!» ብለው መለሱህ። አሁን ጊታሩን ልትሸጥ ነው።

እኔ አትሽጥ ነው የምልህ። የአይቤክስን፣ ኋላም የሮሃ ባንድን ቤዝ የመታው ጆቫኒ ሪኮ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ክፈትና ድምፁን ተወት አድርገህ ከሥር ያለውን አድምጥ፤ ትከሻህን የሚነቀንቀው ማን ሆነና? ሮሃ ንዋይ ደበበንም አጅቧል። ዘፋኙ በተቀየረ ቁጥር ቤዙም ጠባዩን መቀየር አለበት። ይቺ ሙያ ቀላል መሰለችህ?

ጥፋትህ ሌላ ነው። የሰው ልጅ በሽማግሌ እንጂ በራስ አፍ ይጠየቃል እንዴ? ሦስት አዛውንት ፈልግና ላክ፤ አንደኛው ቄስ ቢሆኑ አይከፋም። እስከዚያው ጊታሩን ተሸክመህ በሰፈራቸው አትለፍ።