ዲግሪ ይዞ እንደገና ወደ ነርስ ትምህርት ቤት

ነገሩ የተጀመረው በቡና ሰዓት ነው። ታላቅ እህቴ ቤቷ ከእኔ ቤት ብዙም ስለማይርቅ እሑድ እሑድ ቡና አብረን እንጠጣለን። የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ገና ሁለተኛው ሳይቀዳ፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው ልጅዋ ስልክ ተደወለ። እህቴ ተነጋግራ ስትጨርስ ፊቷ በርቶ «ልጄ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ነው» አለችን። ጎረቤቶችም ደስ ብሏቸው መረቋት።

ደስታው የቆየው ግን እስከ ማታ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ሲባል ማስተርስ ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። ልጅቱ የተናገረችው ግን ሌላ ነገር ኖሯል። በአንድ ሙያ ዲግሪ የያዘ ሰው ሙያውን ለመለወጥ ሲል እንደገና ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲማር በዚያ አገር ይህንኑ ሁለተኛ ዲግሪ ይሉታል። የእህቴ ልጅ በ2006 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአካውንቲንግ የተመረቀች ናት። አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ተነሥታ ነርስ ለመሆን ማመልከቷ ነበር። እህቴ ይህን ስትረዳ ማታ ስልክ ደውላ «አራት ዓመት ሙሉ ያስተማርኳት የሰው ገላ እንድታጥብ ኖሯል?» ብላ አለቀሰች።

እኔ ምን እንደምላት አላወቅሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጅቱ በዚያን ጊዜም ገላ ታጥብ ነበር። ባለዲግሪዋ አካውንታንት አሜሪካ ከገባች ጀምሮ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ተራ ሲኤንኤ በሚባለው የነርስ ረዳትነት ሥራ ትሠራ ነበር። ባሏ ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው። እርሷ ስትገባ እርሱ ይወጣል። እህቴ ይህን ታውቃለች፤ ግን «ለጊዜው ነው» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። ነርስነት መማር ማለት ለእርሷ ለጊዜው የነበረው ነገር ለዘወትር ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ መናገር እፈልጋለሁ። ረዳትና ነርስ አንድ አይደሉም። ረዳቷ ያጠባል፣ ይመግባል፣ ያገላብጣል። ነርሷ ደግሞ የበሽተኛውን ሁኔታ መርምራ ትገመግማለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ለሐኪሙ ታስታውቃለች፣ በፈቃዷም ትጠየቃለች። በደመወዝም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የአንዲት ረዳት መካከለኛ የዓመት ገቢ 38 ሺ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የአንዲት ነርስ ግን ወደ 86 ሺ ዶላር ይደርስ ነበር። ክብርን በተመለከተ ለእህቴ የነገርኳት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 መመረቋን ነው። «የንጉሥ ልጅ ያላፈረችበትን» ብዬ ልጨርስ ስል እህቴ «እሷ አካውንቲንግ አልተማረችም» ብላ አቋረጠችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ልጅቱ የምትልካቸውን ወረቀቶች እያነበብኩ ነገሩን ቀስ በቀስ ተረዳሁት። ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ እናቶች በዚህ ከተማ ብዙ ስለሆኑ እዚህ ላይ መጻፉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ቀደም ብሎ ሌላ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀው የተፋጠነ የነርስ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። ጆንስ ሆፕኪንስን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ እንዲህ ያሉትን ሰዎች በቀጥታ ወደ ማስተርስ ያስገባሉ። ማስታወቂያው ሲታይ ያጓጓል። ነገር ግን ማስታወቂያው ከመግቢያው በፊት ያለውን ዘመን አይቆጥርም። የሰውነት አካላት አሠራር በሁለት ክፍል ከነቤተ ሙከራው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሥነ ልቡና፣ በብዙ ቦታም ሥነ ምግብ አስቀድሞ ተምሮ ማለፍ ግዴታ ነው። የእህቴ ልጅ ባዮሎጂን የተሰናበተችው በአሥረኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቀችው ዴቢትና ክሬዲት ነው። እነዚህን ትምህርቶች ሌሊት እየሠራች፣ ጧት ሕፃናቱን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ በቤቷ አጠገብ ባለው ሞንትጎሞሪ ኮሌጅ አንድ በአንድ ስትወስዳቸው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባት። ቀድሞ የሳይንስ ትምህርት የነበረው ሰውም ቢሆን አይደሰት፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት የተወሰደ የሳይንስ ትምህርት አይቀበሉም።

ከዚያ የነጥብ ጉዳይ ይመጣል። አብዛኞቹ ከአራት ነጥብ ቢያንስ ሦስት ይጠይቃሉ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች «ሲ» አግኝቶ ማለፍ በአንዳንድ ትምህርት እንደ ጀግንነት የሚታይበት ዘመን እንደነበረ እዚያ ያለው መዝጋቢ አያውቅም፤ ለእርሱ ሲ ሲ ነው። ደግነቱ በርካታ ትምህርት ቤቶች የሳይንሶቹን ነጥብ ለብቻው፣ ወይም የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ብቻ ይመለከታሉ። ስለዚህ የድሮ ነጥቧ ያነሰባት ሴት ተስፋ መቁረጥ የለባትም። ቲስ ወይም ሄሲ የሚባል የመግቢያ ፈተናም አለ፤ እርሱ ንባብ፣ ሒሳብና ሳይንስ ነው፤ በጥናት ይታለፋል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

ልጅቱ ማመልከቻዋን የምታስገባበት ቀን እ.ኤ.አ. የካቲት 1፣ በእኛ ጥር 24 ቀን ነበር። የውጭ አገር ዲግሪ ያለው ሰው ትራንስክሪፕቱን ለዚህ ሥራ በተቋቋመ ድርጅት አስገምግሞ ከአሜሪካ ትምህርት ጋር ምን ያህል እንደሚስተካከል ማስመስከር አለበት። ትራንስክሪፕቱም ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ታሽጎ፣ በፖስታው መዝጊያ ላይ ማኅተም ተደርጎበት መሄድ አለበት። ይህን የሚያስፈጽመው እዚህ ያለ ዘመድ ነው። ልጅቱ ዋሺንግተን ባለው ኤምባሲያችን ውክልና ሰጠችኝ። እርሱን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጬ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አስመዝግቤ ታኅሣሥ ሲጀምር ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ቆምኩ። ስሙን የማልጠራው ይህ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያው ቀን ፋይሉ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል አለኝ። በሁለተኛው ቀን የወጪ መጋራት ክፍያ መጠናቀቁን የሚያሳይ ደብዳቤ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጪ መጋራቱን ዕዳ ያልጨረሰ ተመራቂ ዋናውን ሰነድ ማግኘት ስለማይችል፣ ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት ይህ መጠናቀቁን ጠይቋት። የእህቴ ልጅ ግማሹን ብቻ ከፍላ ስለነበር ቀሪውን እህቴ ከዕቁቧ አውጥታ ከፈለች። በዚህን ጊዜ ማልቀሷን ትታ ነበር፤ መቆጣት ግን አልተወችም።

ፖስታው ታኅሣሥ 28 ቀን በእጄ ገባ። እኔም ቤቴ ተቀምጬ አሰብኩ። በዲግሪዋ ላይ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፓስፖርቷ በአንድ ፊደል የሚለይ መሆኑ ትዝ አለኝ። ትራንስክሪፕቱም ላይ እንዲሁ ተሳስቶ እንደሆነ አሜሪካ ደርሶ ከሚመለስ እዚሁ ላረጋግጥ ብዬ ፖስታውን በቢላዋ ቀደድኩት። ስሙ ትክክል ነበር። የታሸገ ፖስታ አንዴ ከተከፈተ ግን ዋጋ የለውም። ይህን የነገረኝ የሬጅስትራሩ ጸሐፊ ልጅ ናት፤ ስትነግረኝም እንደ ልጄ አዘነችልኝ። እንደገና ለማሳተምና ለማሸግ፣ ፈራሚው ለስብሰባ ወጥቶ ስለነበር፣ ሁለት ሳምንት ሄደ። ግምገማው ሲያልቅ ማመልከቻው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን አልፎት ነበር።

ልጅቱ «ምንም አይደል አክስቴ» አለችኝ። ምንም አለመሆኑን ግን አላመንኩም። ለአንድ ወር ያህል እሑድ እሑድ ቡናውን ሰበብ እየፈጠርኩ ቀረሁ።

የተፋጠነው ትምህርት ካመለጣት በኋላ ነገሩን እንደገና ማስላት ጀመረች፤ ለነገሩ ሒሳብ ሙያዋ ነው። በተፋጠነው ትምህርት ጊዜ ተማሪዋ ሥራ እንዳትሠራ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው አጥብቀው ይመክራሉ። የሆስፒታል ልምምዱ ብዙ ጊዜ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ክፍያውን በተመለከተ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው ፔል የተባለ የማይመለስ ድጎማ ቢኖርም፣ አንድ ጊዜ ዲግሪ የያዘ ሰው፣ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆን እንኳ፣ አያገኘውም። ስለዚህ የቀረው ብድር ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለው የነርስ ትምህርት ግን ሁለት ዓመት ቢፈጅም ክፍያው በብዙ እጅ ያነሰ ነው። ሁለቱም ተመራቂዎች የሚቀመጡት ኤንክሌክስ ለተባለው ለአንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ነው። ይህ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ ሆኖ፣ ጥያቄው እንደ ተፈታኟ አመላለስ ከ85 እስከ 150 ይደርሳል፤ ጊዜው አምስት ሰዓት ነው። ልዩነቱ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ዲግሪ ያላትን ነርስ ማስቀደማቸው ነው። እርሱንም ቢሆን ሥራ ይዞ በኋላ ማሟላት ይቻላል።

እኔ ብጠየቅ ሁለት ሕፃናት ላሏትና የምታግዛት ሰው ለሌላት ሴት ረጅሙን መንገድ እመርጥላት ነበር። ላጤ ሆና የተጠራቀመ ገንዘብ ላላት ደግሞ አጭሩ መልካም ነው። ልጃችሁ እዚህ በነርስነት ተመርቃ የሄደች ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይመለከታትም፤ የእርሷ መንገድ ትምህርቷን አስገምግማ፣ እንግሊዝኛዋን ተፈትና፣ በቀጥታ ለፈቃዱ ፈተና መቀመጥ ነው። ይህን ባለማወቅ ከአንደኛ ዓመት የጀመሩ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ አዝኛለሁ።

ከማመልከቻዎቹ ጋር «ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ?» ለሚለው መልስ የሚሆን አንድ ገጽ ጽሑፍ ይጠየቃል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ልካልኝ ነበር፤ ሰው መርዳት እወዳለሁ የሚል ነበር። ይህንማ ሁሉም ይላል ብዬ መለስኩላት። በሁለተኛው ላይ ስለ አንዲት አሮጊት ጻፈች። አንድ ሌሊት ዘወትር እያወሩ የሚያስቸግሯት አሮጊት ዝም አሏት። ፊታቸው በአንድ በኩል ወደ ታች ወርዷል። እርሷ ነገሩ ጥሩ እንዳልሆነ ብታውቅም ስሙን ስላላወቀችው ለተረኛዋ ነርስ «እማማ ዛሬ ልክ አይደሉም» ብቻ ብላ ነገረቻት። ነርሷ ከአልጋው አጠገብ እንደደረሰች አምቡላንስ ጠራች። «ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያወቀችው እርሷ ናት» ይላል ጽሑፉ። ያንን ለእህቴ በአማርኛ አነበብኩላት። እህቴ ዝም ብላ ስኒዎቹን አጠበች። ከዚያ «አሮጊቷስ ዳኑ?» አለች። ድነዋል አልኳት።

ኮሌጁ ተቀበላት። አሁን የቀረው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው፤ ልምምዱ ሲጀመር ጧት ልብስ የሚያለብሳቸው አይኖርም። በዚህ ጊዜ ነው እህቴ ራሷ «እኔ እሄዳለሁ» ያለችው። እኔም ዐይኔን ተጠራጠርኩ፤ ልጅቱን እንድትተወው ስትለምን የነበረችው እርሷ ናትና። ለጉብኝት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት ስድስት ወር በመሆኑ፣ ትምህርቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ስለሆነ፣ የባሏ እናት ቀጥለው እንዲሄዱ ቤተሰቦቹ ተስማምተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ማን እንደሚሸፍነው እስከ አሁን አልተወሰነም። እኔንም የተመለከቱኝ ይመስለኛል።

እህቴ የሄደችው በነሐሴ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ለልጆቹ የተሠራ ዳቦ ቆሎ ነበር። ከሁሉ በታች ልጅቱ ለኮሌጁ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ስለፈለገች እንደገና ያሳተምኩት የታሸገ ፖስታ አለ። በላዩ ላይ በትልቁ «አይከፈት» ብዬ ጽፌበታለሁ።