ልጅን በአደራ ሲልኩ



በኪቶ ፉርዲሳ አውሮፕላን ወደ ጅማ ዝቅ ሲል ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ያንጋጥጣሉ። ከዓመታት በፊት ይህን ጉጉታቸውን አይተን፣ እኛ መምህራን ተማሪዎቻችንን አዲስ አበባ ወስደን አውሮፕላን በቅርብ ልናሳያቸው አሰብን። ሐሳቡ መልካም ነበር። ለወላጆች የላክነው ወረቀት ግን የያዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሚከፈለውን ብርና የምንነሳበትን ቀን።

አንድ አባት ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ኡስታዝ፣ ልጄ የት ነው የምታድረው? ከማን ጋር? ሶላቷንስ የት ትሰግዳለች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ቀረች። በክፍሏ በሒሳብ የሚበልጣት አልነበረም። ሌላ ልጅ ደግሞ «እኔ አውሮፕላን አልወድም» ብሎ ቀረ። እናቱ በቡና ለቀማ የምታሳድገው የቲም መሆኑን ያወቅሁት ከጉዞው በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ አባት ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን «ትምህርት አይወዱም» ብለን እናልፋለን። እርሳቸው ግን የጠየቁት ተገቢውን ጥያቄ ነበር። ልጅ አማና ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። የጉዞ ዝግጅት የሚጀምረውም ከመኪና ኪራይ ሳይሆን ከወላጅ ጥያቄ ነው።

ለመሆኑ ልጆቹ የሚሄዱት ምን ሊማሩ ነው? ይህንንም ወላጅ ማወቅ አለበት። በአገራችን ሰማይ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እዚሁ አገር ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ወሰዳት፤ ለብዙ ዘመን በሮም አቅራቢያ በሚገኝ ሙዚየም ቆይታ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ሑጃጆቻችንን ወደ ጅዳ ያደርሳል። ለሴቶች ልጆቻችንም፣ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን መሆኗ ይነገራቸው።

ሙስሊም ልጆች የአንደሉሱን ሊቅ ዐባስ ኢብን ፊርናስንም ይወቁ። በ9ኛው ምእተ ዓመት ላባና ክንፍ አበጅቶ ለመብረር እንደሞከረ ታሪክ ጸሐፊው አል-መቀሪ ዘግቧል። አየር ላይ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሲያርፍ ጀርባው ተጎዳ፤ ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትረዳ አላስተዋለም ነበርና። ለእኛም ትምህርት ነው፤ ጉዞ ሲታቀድ መነሳቱ ብቻ ሳይሆን መመለሱም ይታሰብ።

እንግዲህ ውድ መምህራንና ወላጆች፣ ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ብር ከመሰብሰባችሁ በፊት ለምትጎበኙት ቦታ ደብዳቤ ጻፉ። የሚታየው ምን እንደሆነ፣ የትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ተማሪ እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ያዙ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ልጆቹን ያደክማል፣ መኪናውንም በሌሊት መንገድ ላይ ያስቀራል። ስለዚህ ከፈጅር ሶላት በኋላ ተነሱ፤ ከተማው ውስጥ እደሩ። የሴቶችና የወንዶች ማደሪያ የተለያየ ይሁን፤ ከሴት ልጆች ጋር ሴት መምህራንና እናቶች ይጓዙ። ለዙህር ወልቂጤ መቆም ይቻላል። ሶላት ስለማሳጠርና ስለማጣመር በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ሦስት ሰዎች ሲጓዙ አንዱን አሚር ያድርጉ ተብሏልና፣ ለጉዞው አንድ ኃላፊ፣ ለየአሥሩ ልጅም አንድ ጠባቂ መድቡ።

የብሩን ነገር ቀደም ብላችሁ አስታውቁ። በእኛ አካባቢ ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ያኔ በትንሽ በትንሹ ይሰበሰብ፤ ጉዞው በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይሁን። ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ እንዳይገጣጠም አስሉ። ለተቸገረው ልጅ አቅም ያላቸው ይሸፍኑለት፤ ስሙ ግን በሰልፍ ፊት አይጠራ። ዝም ብሎ «አልወድም» የሚለውን ልጅ መምህሩ ለብቻው ያናግረው።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ከአሚሩ ስልክ ጋር በየቤቱ ይድረስ። ወላጅ አንብቦ ይፈርም፤ ያልገባውንም መጥቶ ይጠይቅ።

ያ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። እኔ ግን ለወላጆች ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር የመጀመሪያው መስመር የእርሳቸው ጥያቄ ነው፤ «ልጅዎ የት ያድራል? ከማን ጋር?» መልሱ ከሥሩ ይከተላል።

አላህ አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።