ሁሉም ቢጫ ወፍ አንድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ ካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እንስሳትና ዕፅዋት ሲመዘግቡ፣ በሜዳው ጥርጊያ መንገድ ላይ አንዲት የሞተች ወፍ አገኙ። ሌሊት ነፍሳት እያደኑ ከሚያድሩት፣ ቀን መሬት ላይ ተኝተው ከደረቅ ቅጠል ከማይለዩት ወገን ነበረች። አካሏ ስለ ተበላሸ ይዘው የተመለሱት አንድ ክንፏን ብቻ ነው። ክንፉ ላባ በላባ ተለካ፤ የነጩ ምልክት ስፋትና ያረፈበት ቦታ በሙዚየም ካሉ ዘመዶቿ ጋር ተነጻጸረ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወፍ ተመልካቹ ቬርነን ሄድና ጓደኞቹ በዚያው ሜዳ በሌሊት ፈልገው እንዳዩአት ተናገሩ፤ ሄድም ስለ ፍለጋው መጽሐፍ ጻፈ። የዚያ ክንፍ ባለቤት ማን ናት የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለዓመታት አነጋግሯል።

የአርባ ምንጭ ስም በዓለም የወፍ አጥኚዎች ዘንድ የሚነሳው በዚህ ክንፍ ነው። በከተማዋ ግቢዎች በየማለዳው የሚንጫጩት ወፎች ግን ጠያቂ የላቸውም። ወፍ መመልከት የፈረንጅ ሥራ ነው፣ ውድ መነጽር ለያዘና ጀልባ ለተከራየ ሰው የተተወ ነው የሚል አመለካከት ሥር ሰዷል። ይህ አመለካከት መለወጥ አለበት። ወፍ ለይቶ ማወቅ የሚጀመረው በገዛ ጓሮ፣ በባዶ ዓይንና በአንድ ደብተር ነው።

በከተማዋ በሲቀላ ወይም በሴቻ ሰፈር አንድ ማንጎና ፓፓያ ያለበት ግቢ በቂ ነው። የበሰለ ፓፓያ ላይ ጉትዬ ያላት፣ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም ቡናማ ወፍ ተንጠልጥላ ትገኛለች፤ በቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ ትሽሎከለካለች። ባለቤቱ በድንጋይ ከማባረሩ በፊት ለአፍታ ቢታገስ ብቻዋን እንዳልመጣች ያያል፤ እነዚህ ወፎች በቡድን ይበላሉ፣ በቡድን ተጠጋግተው ያድራሉ። በሙዝ አበባ ላይ ደግሞ መንቆሯ ቀጭንና ቆልማማ የሆነ፣ የአበባ ማር የምትቀስም ትንሽ ወፍ ትመጣለች። ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብረቀርቃል።

ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚይዘው ቀለም ነው። ቀለም በብርሃን፣ በፆታና በወቅት ይለዋወጣል። ደጃፍ ላይ ፍርፋሪ የምትለቅም ሰማያዊ ደረት ያላት ወፍ አለች፤ ጉንጩ ቀይ የሆነው ወንዱ ብቻ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ዓይነት ወፍ አየሁ ይላል። ስለዚህ መጠን ይቅደም። ከድንቢጥ ታንሳለች ወይስ ትበልጣለች? ከዋነስስ? ከዚያ መንቆር፦ አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ይሰብራል፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ሥጋ ይቦጭቃል። ከዚያ አካሄድ፣ ከዚያ ድምፅ። ቀለም በመጨረሻ ቢጻፍ ይሻላል።

ብዙ የሚያስተምሩት ግን ጎጆ እየሸመኑ የሚሠሩት ቢጫ ወፎች ናቸው። ወንዱ የረጅም ቅጠል ጠርዝ በመንቆሩ ነክሶ ይበራል፤ ቅጠሉ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ይከተለዋል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ እዚያው ቀለበት ላይ ቆሞ ግድግዳውንና ጣሪያውን ይሸምናል። ሲጨርስ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጠራል። ሴቷ ገብታ ትፈትሻለች፤ ካልወደደችው ትሄዳለች። ጎጆው አረንጓዴነቱን አጥቶ ሲደርቅ ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። መሬት ላይ የወደቀ ጎጆ ያየ ሰው ነፋስ ጣለው ብሎ ያልፍ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያፈረሰው ሠሪው ነው። ኩኩ የተባለችው ወፍም በእነዚህ ጎጆዎች ውስጥ እንቁላሏን ልትደብቅ ትሞክራለች። የእያንዳንዷ እናት እንቁላል በቀለምና በነጠብጣብ ስለሚለይ፣ የጎጆው ባለቤት ባዕዱን ለይታ ወደ ውጭ ትጥላለች። ወፏ ራሷ ጎበዝ ተመልካች ናት።

ቢጫው ወገን አንድ ዝርያ ብቻም አይደለም። አንዱ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ ነው፤ ሌላው ከእሱ ያንሳል፣ ጥቁሩም ፊቱ ላይ ብቻ ነው። የመራቢያ ወቅት ሲያልፍ ወንዶቹ ይደበዝዛሉ፤ ሴቶቹን ለመለየት ደግሞ የዓመታት ልምድ ያለው ሰውም ይቸገራል። ለዚህ ነው የአንድ ቀን እይታ የማያዋጣው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዛፉና ድርጊቱ ተጽፎ ከወር ወር ሲተያይ ነው ወፉ የሚታወቀው።

ጋሞ ዞን ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በመኪና አንድ ሰዓት አካባቢ ወጥቶ ሌላ የወፍ ዓለም ውስጥ መግባት ይቻላል። በደጋው ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቆረ ወፍራሙ ትልቅ ቁራ አለ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እምብዛም አይታይም። አገሬው በየቀኑ ያየዋል፤ እንግዳ ግን እሱን ለማየት ባሕር አቋርጦ ይመጣል።

ወፎችን ለማሳወቅ የተደረገ ጥረት አልጠፋም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ ብዙ ሠርቷል። የአፍሪካ ቀንድን ወፎች በሥዕል የሚያሳይ መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ ታትሟል። መጽሐፉ ግን ውድ ነው፤ ቋንቋውም ለአራተኛ ክፍል ተማሪ አይሆንም። የስልክ መተግበሪያም መልሱን ቶሎ ስለሚሰጥ ዓይን ሥራ ይፈታል። ልጆች ግን ዕውቀቱ አላቸው። ወንጭፍ የያዘ ልጅ የቱ ዛፍ ላይ ጎጆ እንዳለ፣ ወፏ መቼ እንደምትወጣና እንደምትገባ ከማንም በላይ ያውቃል። የሚያስፈልጉት ያንን ዓይን ወደ ደብተር የሚመልስ መምህርና በጋሞኛ የወፎቹን ስም የሚነግሩት አያቶች ናቸው። ትምህርት ቤቶች የሚይዙትን የወፍ መዝገብ ሰብስቦ ለማመሳከርም አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አቅሙ አለው።

ጊዜውም የተመቸ ነው። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ወፎች ይገባሉ። ከእነዚህ አንዷ ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ሣር ላይ እየተራመደች ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች የምትነቀንቅ ቀጭን ወፍ ናት፤ በሚያዝያ አካባቢ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። የየትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ የመጀመሪያ ሥራው በግቢው ሜዳ ላይ እሷ መጀመሪያ የታየችበትንና መጨረሻ የታየችበትን ቀን መጻፍ ሊሆን ይችላል።