ለሞተ ቅሬ አለ፤ ለጠፋስ?

ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብቻውን አይቀርም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎዬ ቅሬ ይለዋል። ጠሪው ይወጣል፤ ወንዱ መቃብር ሊቆፍር፣ ሴቷ ውሃ ልትቀዳና ንፍሮ ልትቀቅል ትሰማራለች። የቀረ ይቀጣል። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል የጎረቤት ሬሳ ሜዳ ላይ አይወድቅም።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ያው ጎረቤት ባይሞት፣ ቢጠፋስ? ከደሴ ጦሳ ተራራ ላይ እንጨት ልትለቅም የወጣች እናት ሳትመለስ ቢመሽ፣ ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን ዳር ፍየል የሚጠብቅ ልጅ በጉም መሐል አቅጣጫ ቢስት፣ ጠሪው ማን ነው? በስንት ሰዓት ይወጣል? ማን ወደ የት ይሄዳል? የቀረስ ይቀጣል?

ለሞተው ደንብ አለ። በሕይወት እያለ ለጠፋው ግን ያለው ጩኸትና ሩጫ ብቻ ነው።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በአስፓልት ቢራራቁ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሶ ሐረጎን የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቀዋል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ገደሉ፣ ሸለቆው፣ ጥሻው ታጭቋል። በዚያ ላይ ተራራው ራሱ ተለውጧል። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ከሰውና ከከብት የተከለሉ ቦታዎች እንደገና ለብሰዋል፤ ባህር ዛፉም ተስፋፍቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ራቁት ተራራ ላይ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ዛፍ መሐል የገባ ግን ሃያ እርምጃ ላይም ላይታይ ይችላል። ባህር ዛፍ ደግሞ ግንዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «በዚህ አልፌ ነበር» የሚያሰኝ ምልክት የለውም።

ጫካ ውስጥ የጠፋ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ ይዞራል። በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ጫካ ውስጥ ለሰዓታት አስጉዘው በጂፒኤስ ተከታትለዋቸዋል። ፀሐይ ስትታይ የሄዱት አቅጣጫቸውን ጠበቁ። በደመና ቀን ከሄዱት አብዛኞቹ ሳይታወቃቸው እየዞሩ የራሳቸውን መንገድ መልሰው መላልሰው አቋረጡ። የደሴን የክረምት ጉም የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከውጭ ተቀድቶ የሚነገረው ምክርም ሁሉ እዚህ አይሠራም። «እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» የሚለው የአውሮፓ ትምህርት ነው። ደሴ ላይ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ግድም የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ናት። ያንን ትምህርት ያመነ ሰው ጭራሽ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። «ወንዝ ተከትለህ ውረድ» የሚለውም ለለጥ ያለ አገር ይሆን ይሆናል። ወሎ ውስጥ ወንዝ የሚወርደው በገደል ነው፤ ሰውም ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከገደሉ አፋፍ በላይ ሜዳው ላይ ነው። በጨለማ ቁልቁል የወረደ ሰው ሬሳው ይገኛል።

ስለዚህ ለመሸበት ሰው የሚበጀው አንድ ነገር ነው፦ መቆም። ከነፋስ መከለል፣ ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዞ መቀመጥ፣ እስኪነጋ መጠበቅ። ስልክ ካለ ጥሪ አልሳካ ሲል አጭር መልእክት መሞከር፤ ለጥሪ ያልበቃ ኔትወርክ አንዳንዴ መልእክት ያሳልፋል። ከዚያ ማዳመጥ። የወሎ ገጠር ለጠፋ ሰው ድምፅ አይነፍገውም፦ የሱብሂ አዛን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የዶሮ ጩኸት፣ የውሻ ጩኸት። ገደል ግን ድምፅን እየመለሰ ያታልላልና፣ መነሣት ወደ ድምፁ የሚወስደው መሬት ሲታይ ነው።

ለልጆች ይህ በትምህርት ቤት መነገር አለበት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ከሞተ በኋላ ለሕፃናት የሚሰጥ ትምህርት ተጀመረ። ፍሬ ነገሩ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ስትጠፋ አንድ ዛፍ እቀፍ፣ ከዛፉ አትራቅ፣ ሲጠሩህ አቤት በል። የመጨረሻው የግድ ነው። የተሸበረ ልጅ ከሚፈልጉት ሰዎች ራሱ ሊደበቅ ይችላል፤ እንግዳን መፍራት ተምሯልና፤ ወይም ፍየል ስለጠፋችበት ዱላ ይጠብቀኛል ብሎ ይሰጋልና።

ይህ ሁሉ የጠፋው ሰው ድርሻ ነው። የቀሩት ድርሻ ግን ይበልጣል።

«ሃያ አራት ሰዓት ካልሞላው ማመልከት አይቻልም» የሚል ወሬ ከፊልም ተቀድቶ በየሰፈሩ ይነገራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ነጠላ ለብሳ ለወጣች እናት ሃያ አራት ሰዓት ረጅም ነው። የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን ብርድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ፍለጋ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ሌላም የማይነገር ምክንያት አለ። በዚህ ዘመን «ልጄ ጫካ ገባ» ማለት ሌላ ትርጉም አለው። አባት ልጁ መንገድ ስቶ እንደጠፋ ለማመልከት አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር ይጠየቅ ይሆን ብሎ ይሰጋል። ባትሪ ይዞ በሌሊት ተራራ የሚወጣ የፈላጊ ቡድንም ማን ነህ ሊባል፣ ሊተኮስበትም ይችላል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። መፍትሔው ግን ዝም ማለት አይደለም። ዝምታ የጠፋውን ሰው ለብርዱ መተው ነው። ፈላጊዎቹ ማን እንደሆኑ፣ ስንት እንደሆኑና በየት እንደሚወጡ ለቀበሌና ለጸጥታ አካል አስቀድሞ የሚያሳውቅ፣ የሚታመን ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከቅሬ ዳኛ የተሻለ የሚሠራ ማን አለ?

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ነው። ግን መንግሥት ብቻውን የማይችለው ሥራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ኮሎምቢያ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን አማዞን ጫካ ውስጥ ወድቆ አራት ወንድምና እህት ሕፃናት ብቻ ተረፉ። ትልቋ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትንሹ ዓመት አልሞላውም። የአገሪቱ ጦር ሄሊኮፕተር አሰማራ፤ የአያታቸውን ድምፅ በድምፅ ማጉያ እያሰማ «ካላችሁበት አትነቃነቁ» አስባለ። በ40ኛው ቀን ልጆቹን ያገኟቸው ግን ከሠራዊቱ ጋር ተባብረው የወጡ፣ ጫካውን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ነባር ሕዝቦች ነበሩ። ልጆቹንም ያቆያቸው ትልቋ ከቤተሰቧ የተማረችው የጫካ ዕውቀት ነው። የጦሳንና የየጎፍን ጥሻም ከእረኛና ከእንጨት ለቃሚ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። በቅሬው ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል፦ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ በሰዓቱ ካልተመለሰ ጥሪው ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ይደረጋል፤ የቀረም ይቀጣል። አንድ ሰው ቤት ይቀመጣል፤ የጠፋው ራሱ ተመልሶ ቢመጣ ፍለጋው እንዲቆም። አንድ ሰው አስፓልቱ ላይ ይቆማል። የጠፋው መጨረሻ የታየበት ቦታ ሳይረገጥ ይጠበቃል። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በየተወሰነ ደቂቃ በድምፅ ማጉያ በስሙ ይጠሩታል፤ ድምፁ ጥሪም ነው፣ አቅጣጫም ነው።

በቴሌግራምና በፌስቡክ «የጠፋ ሰው» እያሉ የሚለጥፉትም ከፎቶና ከስልክ ቁጥር ሌላ ሰዓቱን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታ፣ የለበሰውን ልብስ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይጻፉ። ሲገኝም «ተገኝቷል» ብለው ያንሡት፤ ያረጀ ማስታወቂያ ሰውን አዲሱን እንዳያምን ያደርገዋል።

ለሬሳ ሲሆን ሌሊትም ዝናብም የማያስቀረው ሕዝብ፣ ገና እስትንፋሱ ላለው ሰው ደንብ ሳያወጣ መቆየቱ ሰው ስለማይወድ አይደለም። ማንም ስላልጠየቀው ነው። የሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።