ሰባት ዓመት የሚያስጠብቅ ዘርና የሁለት ዓመት ጥናት

ቱሊፕን ከዘር ማብቀል ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነው። ዘሩ እርጥበትና ለወራት የሚዘልቅ ብርድ ካላገኘ አይነቃም። በመጀመሪያው ዓመት ከሣር የማይለይ አንድ ቀጭን ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ከአፈር ሥር የሚቀረው ኮረት፣ ማለትም የሽንኩርት ራስ የሚመስለው ክፍል፣ እጅግ ትንሽ ነው። በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየወፈረ አበባ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ነው። ኮረቱም ቀስ ብሎ ስለሚራባ፣ በኔዘርላንድስ አንድ አዲስ ዝርያ ከዘር ተነሥቶ ለገበያ እስኪበቃ ወደ 20 ዓመት ይወስዳል።

የደረሰ ኮረት የተከለ ሰው ግን በሚቀጥለው ጸደይ አበባ ያያል። ታዲያ በዘር መድከም ለምን አስፈለገ? ኮረት የሚሰጠው የእናቲቱን ቅጂ ነው፤ መልኳንም ሕመሟንም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳውያን ሀብታቸውን ያፈሰሱባቸው ዥንጉርጉር ቱሊፖች ውበታቸው ከቫይረስ የመጣ ነበር። ዶሮቲ ኬይሊ እ.ኤ.አ. በ1928 ዥንጉርጉርነቱ ከታመመ ኮረት ወደ ጤነኛው እንደሚተላለፍ አሳይታለች። ቫይረሱ ተክሉን እያዳከመ ከኮረት ወደ ኮረት ይወረሳል፤ በዘር ግን አይተላለፍም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ዘር ከወላጆቹ የተለየ አዲስ ተክል ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እንሰትን ገበሬው የሚያራባው ከአሚቾው በሚያወጣው ችግኝ ነው፤ የአጠውልግ በሽታም በተበከለ ቢላዋና በተበከለ ችግኝ ይዛመታል። የእንሰት ዘር አበቃቀል አስቸጋሪ፣ ዕድገቱም የዓመታት ጉዳይ ስለሆነ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ርዕስ ሲመርጥ ይሸሸዋል። አይፈረድበትም፤ የጥናት ገንዘቡም ጊዜውም የተቆረጠ ነው።

በእኔ አስተያየት ግን የዘር መደቡ የተማሪው ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ንብረት መሆን አለበት። አንዱ ተማሪ አበቃቀሉን፣ ተከታዩ የችግኙን ዕድገት፣ ሌላው በሽታን የመቋቋም አቅሙን ያጥና፤ መዝገቡም እንደ ቤተ ሙከራ ዕቃ በርክክብ ይተላለፍ። አማካሪው ሲለቅ መደቡ አረም ይውጠዋል የሚለው ስጋት እውነት ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ በቋሚ የእርሻ ጣቢያ ሠራተኛ ስም ይመዝገብ፤ ፈታኞችም አበባ ያላየን መመረቂያ ጽሑፍ «ያላለቀ» ብለው አይመልሱት።