በረኪናውም ይቅር፣ ቁጣውም ይቅር

የሦስት ዓመት ሕፃን ክራዮን ከጨበጠ ግድግዳው አይተርፍም። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ የእናት ጭንቀት እጥፍ ነው፤ አከራይ ሳያይ መጥፋት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚከተለው ቁጣና በረኪና ነው። ሁለቱም አይጠቅሙም።

ክራዮን በዋናነት የሚሠራው ሻማ ከሚሠራበት ፓራፊን ሰምና ከቀለም ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካ ውስጥ ስምንት ቀለማት የያዘው ክራዮላ የተባለው የመጀመሪያው የክራዮን ፓኬት በ5 ሳንቲም ሲሸጥም መሠረቱ ይኸው ሰም ነበር። ሰም በውኃ አይሟሟም፤ በውኃ ብቻ ማሸት ከንቱ ድካም ነው። በረኪናም ሰሙን አያስለቅቅም፤ የግድግዳውን ቀለም ግን ሊያደበዝዝ ይችላል። ነጭ ጋዝ ደግሞ እሳት የሚይዝ፣ ሽታውም ለሕፃን የማይበጅ ነው።

የሚሻለው ኩሽና ውስጥ አለ። ለስላሳ ጨርቅ አርጥቦ አጥብቆ መጭመቅ፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶበት ቀስ እያሉ ማሸት፤ ደቃቁ ዱቄት ሰሙን ይፍቀዋል። ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው። ሲንተቲክ ቀለም ይህን በደንብ ይችላል፤ የማያብለጨልጭ ፕላስቲክ ቀለም ግን በኃይል ከታሸ ይላጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ከሶፋ ጀርባ፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ መሞከር ይገባል።

ሕፃኑስ? ጥፋተኛ አይደለም፤ ጣቶቹ ነገ እስክሪብቶ ለመያዝ እየተለማመዱ ነው። ወላጆች በልጁ ቁመት ልክ ትልቅ ወረቀት ይለጥፉለት፤ ያለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባም ይበቃል። ግድግዳው ሲጸዳም ጨርቅ ሰጥተው አብሯቸው እንዲጠርግ ያድርጉት።