በፀሐይ ወራት የሚበርደው ሰማይ

በከባቢ አየራችን ውስጥ ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ስፍራ የት ይመስላችኋል? በምድር ዋልታዎች አናት ላይ፣ ከመሬት ከ85 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 130 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ጊዜው ነው። እንዲህ የሚበርደው ፀሐይ ቀንም ሌሊትም በማትጠልቅባቸው ወራት ነው! ፀሐይ በማትታይባቸው ወራት ደግሞ ያው ስፍራ ይሞቃል። እንዴት ሊሆን ቻለ?

ምክንያቱ የሚነሳው ከታች ነው። ነፋስ ከተራራ ጋር ሲላተም ወይም የነጎድጓድ ደመና ሽቅብ ሲያድግ አየሩ ከቦታው ይነሳል። የምድር ስበት መልሶ ያወርደዋል፤ አልፎ ይወርድና እንደገና ይነሳል። ይህ ውዝዋዜ የስበት ሞገድ ይባላል። (አንስታይን የተነበያቸውና እ.ኤ.አ. በ2015 የተመዘገቡት ሞገዶች ስማቸው ቢመሳሰልም ፈጽሞ ሌላ ናቸው።) ሞገዱ ሽቅብ በተጓዘ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ እየገዘፈ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የባሕር ማዕበል ዳርቻ ላይ እንደሚሰበር ይሰበርና ግፊቱን ለነፋሱ ያስረክባል። ግፊቱ አየሩን ፀሐይ ካለችበት ዋልታ ወደ ሌላው ይነዳዋል። የሄደውን ለመተካት ከታች የሚወጣው አየር እየሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በሌላው ዋልታ የሚወርደው ደግሞ እየታመቀ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እንደሚግል ያውቃል።

ታዲያ ይህ ግፊት እንዴት ይለካል? ባሉን እዚያ አይደርስም፤ ሮኬት በደቂቃዎች ያልፈዋል። አንዱ መፍትሔ ራዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ውድማንና ጊየን የተባሉ ተመራማሪዎች በፔሩ፣ ከሊማ ከተማ አጠገብ ባለው የሂካማርካ ራዳር ይህን አሳዩ። ሜዳው በየጎኑ 300 ሜትር ያህል ሲሆን 18,432 ትንንሽ አንቴናዎች ተተክለውበታል። የተላከው የሬዲዮ ሞገድ ከተናወጠው አየር ላይ እንደ ገደል ማሚቶ ጥቂቱ ይመለሳል። የፈጀው ጊዜ ከፍታውን ይነግራል። ፍጥነቱን የሚነግረው የድግግሞሹ ለውጥ ነው፤ የአምቡላንስ ድምፅ ሲቀርበን ቀጥኖ ሲርቀን እንደሚወፍረው ማለት ነው።

ፍጥነት ግን ገና ግፊት አይደለም። እዚህ ላይ አውስትራሊያዊው ቪንሰንትና ባልደረባው ሪድ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ዘዴ በቀላልነቱ ደስ ያሰኘናል። አንዱን የራዳር ጨረር ወደ ምሥራቅ፣ ሌላውን በዚያው መጠን ወደ ምዕራብ ያዘነብላሉ። አየሩ እንዲያው የሚዋዥቅ ብቻ ቢሆን ሁለቱ ጨረሮች የሚያዩት መናወጥ እኩል ይሆን ነበር። ሞገዱ ወደ አንድ ወገን ግፊት ተሸክሞ ከወጣ ግን አንዱ ጨረር ከሌላው የበለጠ መናወጥ ያያል። የሁለቱ ልዩነት ግፊቱን ይሰጣል።

ይህ ቁጥር በጣም ይፈለጋል። የአየር ጠባይን የሚያሰሉ ኮምፒዩተሮች ትንንሾቹን ሞገዶች ለይተው ስለማያዩ ግፊታቸው በግምት ይገባላቸዋል፤ ግምቱ ከተሳሳተ ነፋሱም ሙቀቱም ይሳሳታል። ለዚህም ጃፓናውያን በደቡብ ዋልታ አህጉር፣ ሾዋ በተባለው ጣቢያቸው፣ በበረዶው መሃል 1,045 አንቴናዎች ተክለው ያንኑ ቀዝቃዛ ሰማይ ያዳምጣሉ።